ጭስ ያልወጣበት ቤት

እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ፤ ባሌ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ብሶብኛል። ንግሥ አለ ሲባል እሄዳለሁ። በዋግ፣ ከጋዝጊብላ ደጋ እስከ ዝቋላ ቆላ ያልረገጥኩት መንገድ ጥቂት ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን አልጋ ተከራይቼ አላውቅም ነበር። ሲመሽ ደጅ ላይ ቆሜ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» እላለሁ። «ግቡ፣ ቤት የእግዜር ነው» ይሉኛል። እግሬ ይታጠባል፣ የተገኘው ይቀርባል፣ ቁርበት ይነጠፋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሆቴል የገባሁት ባለፈው ግንቦት ነው፤ ያስገባችኝም ልጄ ናት።

ልጄ ዐረብ አገር አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። እዚያ በአንድ ትልቅ ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች። ለፋሲካ ፈቃድ አግኝታ መጣች፤ ፈቃዷም እያለቀ ነበር። አሠሪዋ ደውሎ «ውሉን የምታድሺ እንደሆነ እስከ ሰኞ ንገሪኝ፤ ካልሆነ በቦታሽ ሌላ ሰው አስገባለሁ» ብሏታል። እኔ እንድትቀር ነበር የምፈልገው። ግን አፍ አውጥቼ አልነገርኳትም፤ ቅሪ ሲሏት የምትሄድ፣ ሂጂ ሲሏት የምትቀር ልጅ ናት። ቀን ብቻ እቆጥር ነበር። ሐሙስ ዕለት መጣችና «እማ፣ ተነሺ። ሁለት ሌሊት እንግዳ እንሆናለን» አለችኝ።

ከሰቆጣ ዳር፣ ከኮረብታው ላይ፣ አዲስ ሪዞርት ተሠርቷል። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ከታች የኳስ ውርርድ ቤት አለው፤ ከላይ መኝታ ነው። የገባንበት አዳራሽ ወለሉ እንደ ውኃ ያብረቀርቃል። እኔም እንደ ወጉ ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ጫማዬን አወለቅኩ፣ ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ውኃ ጠበቅሁ።

የምትወለውል ሴት መጥታ ከፊቴ ቆመች።

«እናቴ፣ እዚህ ጫማ አይወለቅም።»

«ውኃው እስኪመጣ ነው ልጄ።»

«የምን ውኃ?»

«የእግር ነዋ!»

አፏን በመዳፏ ያዘች። በክፋት አልነበረም፤ ሳቁ አመለጣት። ከዚያ ዙሪያዋን አየችና ዝቅ ብላ «እናቴ፣ ይልበሱት፤ እኔን ይቆጡኛል» አለችኝ። ለበስኩት። ከዋግ መንገድ ሁሉ አቧራ ጋር ለበስኩት።

ልጄ ከመቀበያው ጠረጴዛ ልጅ ጋር በዋጋ ተያይዛለች። ልጁ ከስልኩ ላይ ቀና አላለም።

«ዋጋው ተስተካክሏል እህቴ።»

«ከትናንት ወዲያ በስልክ የነገርከኝስ?»

«እሱ ከትናንት ወዲያ ነው። ነዳጅ ጨምሯል።»

«እኔ የምተኛው አልጋ ላይ ነው ወይስ በርሜል ላይ?»

ልጁ አልሳቀም። «መክፈል ካልፈለጉ መተው ይችላሉ» አላት። ሁለቱንም ሌሊት አስቀድማ ከፈለች። ከፍላ ስትጨርስ እንኳን ደህና መጣችሁ የሚል ሰው እጠብቅ ነበር፤ ቁልፍ ነው የተሰጠን።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደሉን ያወቅሁት ከቄስ ባሌ አጠገብ ተቀምጬ ነው፤ ቁጥሩንም የማውቀው እሱ መጽሐፍ ላይ ያለውን የግዕዙን ብቻ ነው። ከክፍሉ በር ጀርባ የተለጠፈውን የዋጋ ወረቀት ያነበበችልኝ ልጄ ናት። ስታነብ ድምጿ እየቀጠነ ሄደ። ሙቅ ውኃ ተጨማሪ። ሁለተኛ ፎጣ ተጨማሪ። ከሰገነቱ ላይ መቀመጥ፣ ተራራውን ለማየት፣ ተጨማሪ።

«ተራራውን?» አልኳት።

«ተራራውን።»

«እሱማ የኛ ነው።»

አልጋው ጋ ሄዳ የአንሶላውን ጫፍ በሁለት ጣቷ ብድግ አደረገች፤ አሸተተችው። ፊቷ ተለወጠ። «አልቀየሩትም እማ። ገልብጠው ነው ያነጠፉት» አለች። እኔ ምን አውቃለሁ፤ ለኔ ነጭ ነው። እሷ ግን አሥራ አንድ ዓመት የሠራችበት ነው፤ ከእጥፋቱ አወቀችው። ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠችና እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦

«አሥራ አንድ ዓመት ለሰው አነጠፍኩ። አንድ ቀን፣ በአገሬ፣ ሌላ ሰው ለኔ አንጥፎልኝ ልተኛበት ብዬ ነው እኮ። ሌላ ምንም አይደለም።»

ከዚያ ተነስታ አንሶላውን ገፈፈችው፣ አራገፈችው፣ ራሷ መልሳ አነጠፈችው። አራቱ ማዕዘን ቀጥ ብሎ ተወጠረ። ሐሙስ ነው፤ ሰኞ ደግሞ ሩቅ አይደለም።

ለእራት ወረድን። ውርርድ ቤቱ ከመመገቢያው ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው፤ ጩኸቱ ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጠዋል። ያዘዝነው ቆየ፤ ልጄ ደጋግማ ብትጣራም ዞር ብሎ ያየን አልነበረም። እኔ ከቤት የያዝኩት ዳቦ በጨርቅ ተቋጥሮ ከጎኔ ነበር። ራበኝና ፈታሁት። አሁን ሰው መሀል ተቀምጬ ዳቦ ስቆርስ ዝም ብዬ ልብላ? ይኼ በኛ ነውር ነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ ለአዳራሹ ሁሉ «እንብላ! ኑ፣ እንብላ!» አልኩ።

ሰው ሁሉ ዞረ። አንድ ጎልማሳ፣ ከውርርዱ ቤት ሲጋራውን ይዞ የወጣ፣ እየሳቀ መጥቶ ቆረሰልኝ። «ይባረኩ እናቴ! እዚህ ቤት በነፃ የቀመስኩት የርስዎን ብቻ ነው። ሲከፈት ለምንወራረደው ሻይ እንኳ ያቀርቡልን ነበር፤ አሁን ተሸንፈን ስንወጣም ለወንበሩ ክፈሉ ሊሉን ነው» አለ። ሁለት ሰዎችም መጡ። ደስ አለኝ። ይህ ቤት የሰው ቤት ሊሆን ነው ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ኮት የለበሰው ኃላፊ መጣ። ለኔ ሳይሆን ለልጄ ነው የተናገረው።

«የውጭ ምግብ ክልክል ነው። ከመጣም ይከፈልበታል።»

«ዳቦ ስለበላች?»

«ስለበሉ አይደለም፤ ስላመጡ ነው።»

ልጄ ብድግ አለች። ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። «ቤተሰብህ ሰው ቤት ገብቶ አያውቅም?» አለችው። እሱም «እህት፣ ይህ ሰው ቤት አይደለም፤ ድርጅት ነው» አላት፤ በጣም ዝግ ብሎ። ዝግታው ነው የባሰባት። እጇን ያዝኳት። «እንግዳ መጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛው ቀን ብር፣ ሦስተኛው ቀን ብረት ነው ይባላል፤ ተይው ልጄ፣ ተቀመጪ» አልኳት። «እኛማ ከበር ስንገባ ነው ብረት የሆንነው እማ!» አለችና ስልኳን አወጣች። «ሰኞ ለምን ይጠብቃል? አሁኑኑ ለአሠሪዬ እነግረዋለሁ። ውሉን አድሳለሁ እለዋለሁ። ምን ላደርግ ነው እዚህ የምቀረው?»

ጣቷ ስልኩ ላይ ነበር። እኔም ያኔ የተናገርኩትን ተናገርኩ።

«ነገ ከኔ ጋር ነይ። አንድ ቤት ላሳይሽ። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ንገሪው።»

ያ ቤት ዝቋላ ውስጥ ነው። ወደ ገዳም ስወርድ ስንት ዓመት ያደርኩበት ቤት ነው። የቤቲቱ እመቤት ከኔ በዕድሜ ታንሳለች፤ ስደርስ ገና ከአጥሩ ውጭ ሮጣ ትቀበለኛለች። ሁለት ልጆቿ በበረሃ አድርገው ወደ ሳውዲ ሄደዋል፤ አንዱ ይደውላል፣ አንዱ አይደውልም። እኔ ስመጣ ስለማይደውለው ትነግረኛለች፤ እኔም እሰማታለሁ። ልጄ ያንን ቤት ብታይ፣ እግሯ እዚያ ቢታጠብ፣ አገሯ እንዳልሞተ ታውቃለች አልኩ በልቤ።

ዓርብ ጧት ሻንጣችንን እዚያው ትተን ወጣን። መኪናው እስከቻለው ወሰደን፤ ከዚያ በኋላ እግር ነው። ቁልቁለቱ ድንጋይ ብቻ ነው። ያለፈው ክረምት ቆላው ላይ አልዘነበም ነበር፤ ሰምቻለሁ፤ መስማትና ማየት ግን ለየቅል ነው። ማሳው ነጭ ሆኗል። ቁጥቋጦው ሁሉ ፍየል አንገቷ እስከሚደርስበት ተላጭቷል። ልጄ ጫማዋ እየቆረጠማት ወረደች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤቱን ከማዶ አየነው። ጣሪያውን አየሁና ቆምኩ።

ጭስ የለም።

ይህንን መንገደኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚናገረው ግን የለም። በኛ አገር እንግዳ አይመለስም። ስለዚህ የሚያቀርበው ያጣ ቤት፣ ሲመሽ እሳት አያነድም፤ በሩን ገርበብ አድርጎ ዝም ይላል። መንገደኛው ከሩቅ ጣሪያውን ያያል፤ ጭስ ከሌለ አንገቱን ደፍቶ ወደ ሌላ መንደር ያልፋል። ማንም ማንንም አላሳፈረም ማለት ነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጭስ ያልወጣበትን ቤት አንድም ቀን አንኳኩቼ አላውቅም። በረሀብ አልፌያለሁ፣ ዛፍ ሥር አድሬያለሁ፣ አላንኳኳሁም።

«ምነው እማ? ይኼ አይደለም?» አለች ልጄ።

ሰኞን አሰብኩ። ያንን ስልክ አሰብኩ። ከዚህ ወዲያ ያለው መንደር ሩቅ ነው፤ እሷም ደክሟታል። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው፤ ምክንያቴ ግን እነሱ አልነበሩም። ምክንያቴ ልጄ እንድትቀርልኝ መፈለጌ ነው።

«ይኸው ነው» አልኳት። ከደጁ ደርሼ ድምፄን አነሳሁ። «ቤቶች! የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን!»

ጸጥታ ሆነ። ዶሮ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ልጄ አየችኝ። ልመለስ እችል ነበር፤ የሉም ብዬ ልሄድ እችል ነበር። ደግሜ ተጣራሁ።

«ማነው?» አለ የሴትዮዋ ድምፅ፣ ከውስጥ፣ ቅጥን ብሎ።

«እኔ ነኝ። ከልጄ ጋር ነኝ።»

በሩ ተከፈተ። ከስታለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጥብቅ አድርጋ አስራዋለች። ለአንዲት አፍታ ዓይኗ ዓይኔን ያዘው፤ ጭስ እንዳልነበረ እንዳየሁ አወቀች። ከዚያ ፊቷ በራ። «ቤት የእግዜር ነው! ግቡ፣ ግቡ! ልጅሽን አመጣሽልኝ? እኔ ልሙትልሽ!» አለች። «ባሌ ፍየሎቹን ይዞ ወደ ተከዜ ወርዷል። ቤቱ ይሞቃል፣ ከደጅ ከመደቡ ላይ ሁኑ፤ ነፋስ አለ።»

በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣና ነበር ከኔ ጋር የምትነጋገረው። ልጄ ቋንቋውን ረስታዋለች። እኔ በዚያ ቋንቋ «አትድከሚ፣ በልተን ነው የመጣነው» ብላት ማንም ሦስተኛ ሰው አይሰማንም ነበር። ቃሉ አፌ ድረስ መጣ። «እንዴት ከረምሽ?» አልኳት በሱ ፈንታ።

ውኃ ይዛ ወጣች፤ በአንዲት ጣሳ። ከልጄ እግር ሥር ተንበረከከችና ጫማዋን ራሷ ፈታችላት። ልጄ እግሯን ሸሸት ስታደርግ «ተይ፣ ተይኝ፤ ነውር የለውም» አለቻት በአማርኛ። ውኃውን ጠብ ጠብ እያደረገች፣ አንዲት ጠብታ እንዳይባክን፣ ቁስሏን በአውራ ጣቷ እየዳበሰች አጠበቻት። ሲያበቃ ጎንበስ ብላ እግሯን ሳመችው። ልጄ አሥራ አንድ ዓመት የሰው መታጠቢያ ቤት ያጠበች ልጅ ናት። ፊቷን ወደ ማዶ አዞረች።

ሴትዮዋ ገባች። ከውስጥ ዱላ አንድ ነገር ሲመታ ሰማሁ፤ ሦስቴ፣ አራቴ፣ ቀስ ብሎ፣ እንዳይሰማ። ከዚያ የእጅ ወፍጮው ተነሳ። ከጣሪያው ጭስ ወጣ።

«ስሚ እማ» አለች ልጄ ዓይኗን እየጠረገች። «ለኛ ብላ እየፈጨች ነው። በዚህ ሰዓት! እዚያ እንጀራ በማሽን እየወጣ አንድ ሰዓት አስጠበቁን።»

ቂጣው ሲመጣ ትኩስ ነበር። የማሽላ ቂጣ፣ በበርበሬና በጨው። ሴትዮዋ ቆርሳ አጎረሰችኝ። ጎረስኩ፤ ምላሴ ላይ ሲያርፍ አወቅሁት።

ጭስ ጭስ ይላል።

ለዘር የተመረጠ የማሽላ ራስ በጎተራ አይቀመጥም። ከምድጃው በላይ፣ ጣሪያውን ከያዘው ወራጅ እንጨት ላይ ይሰቀላል፤ ዓመቱን ሙሉ ጭሱ ሲያልፍበት ነቀዝ አይነካውም። ያ ጭስ በወፍጮም በእሳትም አይለቅም። ቆላ ውስጥ ያደገ ሰው በአንድ ጉርሻ ይለየዋል። ሰው ከብቱን ይሸጣል፣ ጌጡን ይሸጣል፣ ዘሩን አይበላም። ግንቦት ነበር፤ ዝናብ ቢመጣ ሰኔ ላይ የሚዘራው ያ ነበር። በዱላ ሲወቃ የሰማሁትም፣ የጎረስኩትም ያንን ነው።

«ኧረ ይጣፍጣል!» አለች ልጄ። «ይኼ ሽታው ምንድን ነው? እንዲህ ያለ ቀምሼ አላውቅም።»

«ብይ፣ በሞቴ» አለች ሴትዮዋ። «አፈር ስሆን፣ ይህችን ብቻ።»

በላች። አንዱን ጨርሳ ሁለተኛውን ያዘች። እኔ ውኃ እየጠጣሁ አወርደዋለሁ። ሴትዮዋ አታየኝም፤ እኔም አላያትም። ሁለታችንም ልጄን ነው የምናየው። ልጄ ሳቋ ተመልሷል። ልጅ ሳለች እንደምትስቀው ትስቃለች። ከዚያ ደስታው አደፋፈራትና «አንድ ልድገም? ነውር ነው?» አለች።

ሴትዮዋ «እንኳን አንድ!» ብላ ተነስታ ገባች። ዱላው እንደገና ተሰማ።

እኔ ዝም አልኩ። ዛሬም ድረስ የሚቆጠቁጠኝ ይህ ነው።

ልጄ ራሷን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። «እቀራለሁ እማ» አለችኝ። «ሰኞ እነግረዋለሁ። አልመለስም።» የፈለግሁትን አገኘሁ። አፌ ውስጥ ጭስ ጭስ ይላል።

ጧት ስንነሳ ወደ ወራጁ ቀና ብዬ አየሁ። ገመዱ ብቻ ተንጠልጥሏል፤ ጥላሸት የጠጣ፣ ባዶ። ሴትዮዋ እንዳየሁ አየች። «በደህና ግቡ። ልጅሽ ታምራለች፤ አትልቀቂያት» አለችኝ።

ዳገቱን ስንወጣ ልጄ ፊት ፊት ትሄዳለች። አፏ አያርፍም። እንግዳ ማረፊያ እከፍታለሁ ትላለች። ያንን ዓይነት ሪዞርት ሳይሆን እውነተኛውን። እግር ይታጠባል፣ ቁርበት ይነጠፋል፣ ከውጭ የሚመጡ ሰዎች ለዚህ የፈለግሽውን ይከፍላሉ እማ፣ አይተውት አያውቁም እኮ። «ያንን ጭስ ጭስ የሚለውን ቂጣ ደግሞ በየቀኑ እናቀርባለን። ሴትዮዋን እናስመጣታለን፤ አሠራሩን ታሳየናለች።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«ደከመሽ?»

«ያ ቂጣ ዘር ነው» አልኳት።

አልገባትም። ነገርኳት። ወራጁን ነገርኳት፣ ገመዱን ነገርኳት፣ ጭስ የሌለው ጣሪያ ምን ማለት እንደሆነ ነገርኳት። ቆማ ሰማችኝ። ደሟ ከፊቷ ሲሄድ አየሁት።

«መቼ አወቅሽ?»

«በመጀመሪያው ጉርሻ።»

«ሦስተኛውን ስጠይቅ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሳናንኳኳስ?»

«ጭስ እንደሌለ አይቻለሁ።»

ከኔ ራቅ ብላ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። ከዚያ ዞረች፤ አልጮኸችም፤ ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። «ያ የሪዞርቱ ሰውዬ ዋጋውን በር ላይ ለጥፎልኛል» አለች። «ለተራራው እንኳ ለጥፏል። አንቺ የሴትዮዋን ዓመት አስበላሽኝ። እኔ ደግሞ ልድገም አልኩ!» ከዚያ «እኔን ለማስቀረት ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ለማን ልቀር ነው? አንቺ ራስሽ መቼ ቤት ትገኛለሽ? በደወልኩ ቁጥር መንገድ ላይ ነሽ። ስልኩን የሚያነሳው ጎረቤት ነው።»

ይህንን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም።

እስከ መኪናው ድረስ ሳንነጋገር ሄድን። ገንዘብ እንላክላት አለች በመጨረሻ። እግር አጥቦ ላሳደረ ሰው ገንዘብ መስጠት በጥፊ መምታት ነው አልኳት። ዘሩን ገዝተን እንመልስላት አለች። እሱም «በላሁብሽ፣ አወቅሁብሽ» ማለት ነው አልኳት። «እንግዲያስ ምን ይደረጋል?» አለች፤ እኔም አላወቅሁም። ሰቆጣ ልንደርስ ስንል ነው ራሷ ያገኘችው። «አባባ ከጎረቤት ጋር እኩል ያርሱ አልነበረም? መሬቱና በሬው የአንዱ፣ ዘሩ የሌላው። ምርቱ ለሁለት።»

ቅዳሜ ከሰዓት ሻንጣችንን ልንወስድ ሪዞርቱ ገባን። ኃላፊው ትናንት ያላደርንበት ሌሊት ሒሳቡ እንደማይመለስ ነገራት፤ ሻንጣው ከክፍል ስለወጣም የማስቀመጫ ክፍያ አለው አላት። ደግሞ ልትጮህ ነው ብዬ ሰጋሁ። ከፈለችውና «አንተስ ተናግረህ ነው የምትወስደው» አለችው። ግራ ገባው። ያቺ የምትወለውለው ሴት በጓሮ በር ስንወጣ «እናቴ፣ እግርዎ ታጠበ?» አለችኝ። ታጠበ አልኳት።

ከእህል ተራ የቆላ ዘር የሚሸጡ አንዲት እናት ፈልገን አገኘን፤ ዘሩ ቶሎ የሚደርስ ነው፣ እሱም ጭስ የጠጣ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሸክመን ወረድን። ባልየውም ከተከዜ ተመልሶ ነበር።

ልጄ ዘሩን ከደጁ አስቀምጣ እንዲህ አለች፦ «እኔ መሬት የለኝም፣ በሬም የለኝም። ዓመቱን ሙሉ የሰው አገር ነኝ። እናንተ ዘንድ እኩል ልዝራ ብዬ መጣሁ። እምቢ እንዳትሉኝ።»

ባልየው ሚስቱን አየ። ሴትዮዋ ቋጠሮውን ፈትታ ፍሬውን አሸተተች። ብዙ ጊዜ አሸተተችው። ከዚያ ወደኔ ሳታይ «እኩል ከሆነ ወግ አለው» አለች። «ባለ ዘሯ በጥበቃም በአጨዳም መገኘት አለባት። በሌለችበት ድርሻ አንከፍልም። እኛ ሌባ አይደለንም።»

በነጋታው ሰኞ ነው። አሁንም ትቀራለች ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ አልዋሽም፤ በዚያች ቅጽበት እንኳ ልቤ ዘሎ ነበር። ልጄ ግን ወደኔ ዞረች፤ እንደምትሄድ ዓይኗ ነገረኝ። ቂም አልነበረበትም። የሷ ደመወዝ ከሌለ የሚቀጥለውን ዘር የሚገዛ እንደሌለ አይታለች።

«እኔ በሷ ቦታ እቆማለሁ» አልኩ።

ሴትዮዋ ሳቀች። «አንቺ? አንቺ እግርሽ መቼ አንድ ቦታ ይቆማል?»

«ይቆማል።»

ሰኞ ለአሠሪዋ ደወለች። በዚያው ሳምንት ሄደች።

ዝናቡ ሰኔ መጨረሻ ላይ መጣ፤ ዘገየ እንጂ መጣ። አሁን ጥቅምት ነው። ይህን የማስጽፈው ሰው የለኝም፤ ራሴ ነኝ የምጽፈው፣ ማሳው መሀል ከቆመው የወፍ መጠበቂያ ላይ ሆኜ። ወንጭፉ ጭኔ ላይ ነው። ማሽላው ፍሬ ይዟል፣ ወፉም አውቆታል። ስንት ንግሥ አለፈኝ። ለደብረ ታቦር በዓል እንኳ አልሄድኩም። ሲመሽ ከዚህ ላይ ሆኜ ጣሪያውን አያለሁ፤ ጭሱ አንዳንድ ቀን ቀጭን ነው፣ ግን ይወጣል።

ልጄ በየሳምንቱ ትደውላለች፤ ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። ለአጨዳ ፈቃድ ጠይቃለች፤ ይስጧት አይስጧት ገና አልታወቀም። ስለ ጤናዬ ከመጠየቋ በፊት አንድ ነገር ትጠይቀኛለች።

«እማ፣ ዘሩን ሰቀለችው?»

«ገና ነው» እላታለሁ። «አልደረሰም። ወፍ እየጠበቅሁ ነው።»